ጠባሳ የማይተው ገመድ

ቦንጋ ገበያ ላይ የቃጫ ገመድ የሚሸጡ ሴቶች በአንድ ረድፍ ነው የሚቀመጡት። የበዛወርቅን ገመድ ደንበኞቿ የሚለዩት በዓይናቸው ሳይሆን በመዳፋቸው ነው። አንዱን ጫፍ ይዘው በጭብጣቸው ውስጥ ያሳልፉታል። የሌሎቹ ይቧጭራል፤ የእሷ ይንሸራተታል። ከብት የሚያስሩ ገበሬዎች፣ እንጨት የሚሸከሙ ሴቶች፣ ቀፎ ይዘው ዛፍ የሚወጡ ማር አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ቆዳ የሚነካ ገመድ ሲፈልጉ ወደ ሌላ አይሄዱም።

አሠራሩን ቀስ ብሎ ማየት ደስ ይላል። የደረሰ እንሰት ይቆረጥና ግንዱ ልጥ በልጥ ይላጣል። ልጡ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ተጋድሞ በተሳለ ቀርከሃ ይፋቃል። የሚወርደው ለቆጮ ይሄዳል፤ ሳንቃው ላይ የሚቀረው ረጅም ነጭ ጭረት ቃጫ ይባላል። አብዛኞቹ ሴቶች ቃጫውን ፀሐይ ላይ አድርቀው ወዲያው ይገምዱታል። በዛወርቅ ግን እንደገና ትነክረዋለች፣ ለስላሳ ድንጋይ ላይ በዱላ ትቀጠቅጠዋለች፣ ከዚያ በጣቶቿ እያበጠረች አጫጭሩን ጭረት አንድ በአንድ ትነቅላለች። ምሥጢሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ገመድ ቆዳ የሚልጠው በረጅሙ ጭረት አይደለም፤ በየመሀሉ ጫፉን ብቅ ባደረገው አጭሩ ነው። አጭሩ ከወጣ በኋላ መዳፏን ቅቤ አስነክታ ጭኗ ላይ ታከረዋለች። ይህን ሁሉ የተማረችው ደካ አካባቢ ይኖሩ ከነበሩት እናቷ ነው።

በሕይወቷ ከሠራቻቸው ገመዶች ሁሉ ምርጡ ግን ገበያ አልወጣም። የተሠራው ለልጇ ለዮሀና ቁርጭምጭሚት ነው።

ዮሀና መራመድ እንደጀመረች መሮጥ ጀመረች፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ ማንም አላየውም። ጨው እንድታመጣ ስትላክ የመኪና ጎማ ሲቀየር ቆማ እያየች ትገኛለች፤ ጨዉም የለም፣ ሳንቲሙም የለም፣ ምን ልትገዛ እንደወጣችም ረስታዋለች። ጀሪካን ቧንቧ ሥር አስቀምጣ ውኃው ሞልቶ ሲፈስ እሷ የጎረቤት አጥር ላይ ናት። ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ ትመልሳለች። ሌሎች ተራ ይዘው ሲጫወቱ ተራዋ እስኪደርስ መጠበቅ አትችልምና ትገባባቸዋለች፤ ይመቷታል፤ ታለቅሳለች፤ ዕንባዋ ሳይደርቅ ተመልሳ ትገባባቸዋለች። ክፋት የለባትም። የማታውቀውን ሰው መንገድ ላይ እቅፍ አድርጋ የምትስም ልጅ ናት። ይህም ያስገርፋታል።

የበዛወርቅ ቤት ከዋናው መንገድ በታች ዳገቱ ላይ ነው። መንገዱ ላይ ቡና የጫኑ አይሱዙዎችና ባጃጆች ይከንፋሉ። ዮሀና አምስት ዓመቷ ላይ የሸሸች ዶሮ ተከትላ መንገዱ መሀል ገባችና ባጃጅ ገጫት። ክንዷ ተሰበረ። ወጌሻው አስተካክሎ አሰረው፤ እሷ ግን እንደታሰረ አጥር ወጣችበት፤ ስለዚህ ዛሬም ትንሽ ጠመም ያለ ነው።

ከዚያ በኋላ የተሞከረው ብዙ ነው። ጠበል ተወሰደች። ጎረቤቷ ሙሉብርሃን ጸሎት ቤት ወስዳ አስጸለየችላት፤ ሽማግሌዎቹ ጭንቅላቷ ላይ እጅ ሲጭኑ ከሥራቸው ሾልካ ወጥታ ከበሮውን መታችው። አንዲት ዘመድ በበርበሬ አጠነቻት፤ ይህ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ሠራ፤ ልጅቷ ስትስል ስለዋለች አልሮጠችም። አባቷ ወልደአማኑኤል ዋጫ ከተማ የቡና መጋዘን ጠባቂ ነው፤ በየበዓሉ ይመጣል። ሲመጣ ይገርፋታል፣ ሲሄድ ይስማታል። አንድ ፋሲካ ላይ ሚስቱን እንዲህ አላት፦

«አንቺ ገመድ እየሠራሽ የሰው ከብት ሁሉ ታስሪያለሽ። የራስሽን ለምን አታስሪም?»

እየቀለደ ነበር። በዛወርቅ ግን ገበያ መሄድ አለባት፤ ልጅቷን የሚይዝ ሰው የለም፤ ከላይ መንገድ አለ። ቀልዱን ይዛ አደረች።

የሠራችው ገመድ ምን ያህል የታሰበበት እንደነበር ለመረዳት አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። እግር ላይ የሚውለው ክፍል እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ እንደ ቀበቶ ጠፍጠፍ ያለ ነበር፤ ጠፍጣፋ ነገር ሸክሙን ስለሚያከፋፍል እንደ ክብ ገመድ አይቆርጥም። ውስጡን በአሮጌ ፎጣ ለብጣዋለች። ሸምቀቆ አይደለም፤ ልጅቷ ብትጎትተው አይጠብቅም። በገመዱና በቆዳው መካከል የእናቷ አንድ ጣት እንዲገባ ሆኖ ይታሰራል፤ ቋጠሮውን ለመፍታት ደግሞ የወስፌ ጫፍ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም የዮሀና ጣቶች ሥራ ፈትተው አያውቁምና ተራ ቋጠሮ ወዲያው ይፈታሉ። ርዝመቱ የውኃው ማድጋ ጋ ይደርሳል፣ ፖፖው ጋ ይደርሳል፣ በሩ ላይ ተቀምጦ ሰው ለማየት ይበቃል። ምድጃው ጋ አይደርስም። ሌላው ጫፍ ምሰሶው ላይ፣ የልጅ እጅ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይታሰራል።

ሙሉብርሃን መጥታ አየችው። ጎንበስ ብላ በመዳፏ አሳለፈችው።

«አንቺ፣ ይሄ እኮ ከእኔ ነጠላ ይለሰልሳል።»

«ጥሩ ነው?»

«ምን ጥሩ ብቻ። እኔም ልጅ ብሆን እሰሪኝ ነበር የምልሽ። የእነዚያ ከላይ ያሉት ሰዎች ልጅ እኮ በሰንሰለት ነው የታሰረው፤ እግሩ ቆስሎ ዝንብ ይወርረዋል። አንቺ እናት ነሽ።»

በዛወርቅ ያን ቀን ገበያ ስትሄድ ልቧ ቀለል ብሏት ነበር። ማታ ተመልሳ ቁርጭምጭሚቱን አገላብጣ አየች። ምንም የለም። ልጅቷ ግን ቀኑን ሙሉ በምሰሶው ዙሪያ ስትዞር ስለዋለች ወለሉ ላይ ክብ መንገድ ወጥቷል።

ትምህርት ቤት የመግባቷ ነገር ለበዛወርቅ ከምንም በላይ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት ከዋለች ምሰሶው ላይ አትውልም። ሌላ መውጫ አልነበራትም፤ ቤት መቅረት ማለት ገመዱ ማለት ነው። ዮሀና አንደኛ ክፍል ገባች፤ ወደቀች። ደገመች። በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ርዕሰ መምህሩ በዛወርቅን ጠርተው ቁርጡን ነገሯት፤ ዘንድሮም ከወደቀች ለሦስተኛ ጊዜ አይመዘግቧትም፣ ቦታውን ለሌላ ልጅ ይሰጡታል።

የክፍሉ መምህር ፍቅሩ ይባላል። ክፉ ሰው ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ግን አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ልጆቹ ለሦስት በሚሆን ዴስክ ላይ አምስት አምስት ሆነው ነው የሚቀመጡት። ድምፁ ከጥቅምት በፊት ይዘጋል። ዮሀና በመስኮት ወጥታ በበር ስትገባ፣ የሌላውን እርሳስ ወስዳ ለሌላው ስትሰጥ፣ ትምህርቱ በሙሉ ይበተናል።

«እኔ የተቀጠርኩት ልጅ ላስተምር ነው» አላት በዛወርቅን ደጅ አቁሞ። «ነፋስ ማስተማር አልችልም።»

«ይቆጧት ጋሼ። ይምቷትም።»

«መታኋት እኮ። እየመታኋት በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ስትስቅ ምን ላድርጋት? ስሚ፣ ቤት ውስጥ በገመድ ትይዣታለሽ አሉ።»

በዛወርቅ መሬት መሬቱን አየች።

«የሚያሳፍር አይደለም» አላት መምህሩ። «የጎረቤትሽ ልጅ ነው የነገረኝ። አይጎዳትም አለ። ገመዱን ይዘሽልኝ ነይ።»

በማግሥቱ ይዛ ሄደች። ምሰሶው ላይ እንዳትውል ብላ ትምህርት ቤት የላከቻትን ልጅ፣ ትምህርት ቤት እንዳትባረር ብላ ከነገመዱ ላከቻት። ሥርዓቱ እንዲህ ሆነ፦ ጠዋት እናቷ የገመዱን ቀለበት ቁርጭምጭሚቷ ላይ ታስራለች፤ ዮሀና የቀረውን ጠቅልላ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ትሄዳለች፤ መምህሩ ጫፉን ከኋላ በኩል ዴስኩ እግር ላይ ይቋጥረዋል።

የክፍሉ ልጆች «ፍየሏ» አሏት። መምህሩ ጀርባውን ሲያዞር «ሜ» ይላሉ። ሳር ነቅለው አምጥተው በዴስኩ ሥር ያቀብሏታል። እሷም ትበላዋለች። ይህን ለሚሰማ ግራ ያጋባል፤ ግን ዮሀናን ለሚያውቅ ግልጽ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ሲስቅ እሷ እየተመታች ነው ያደገችው፤ አሁን ግን ስታኝክ ሁሉም አብረዋት ይስቃሉ፣ ማንም አይመታትም። ስለዚህ ጨምሩልኝ ትላለች። አንድ ቀን ሽንት ሲይዛት እጇን አወጣች። መምህሩ ቋጠሮውን መፍታት ሰልችቶት «ቆይ» አላት። ቆየች፣ አቅቷት ለቀቀችው። ከዚያ ቀን በኋላ ከፍየሏ ጋር የሚቀመጥ ጠፋ፤ ዴስኩ ለብቻዋ ሆነ። መምህሩ እንዲያውም ለሌሎቹ ቦታ ጠበበ እንጂ ለእሷስ ተመቻት አለ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲስተር ህይወት የምትባል የአእምሮ ጤና ነርስ አለች። በዛወርቅ ወደ እሷ የሄደችው ለዮሀና አይደለም፤ ራሷ እንቅልፍ አጥታ ነው። ዮሀና ግን አብራ ነበረችና ወሬው ሳያልቅ የመድኃኒት ካርቶን አፍርሳ፣ ሚዛን ላይ ወጥታ፣ መስኮቱን ከፍታ ዘጋችው። ሲስተር ህይወት ስለ እናትየው እንቅልፍ መጠየቋን ትታ ልጅቷን ማየት ጀመረች። ከዚያ እግሯ ላይ ዓይኗ አረፈ። የዮሀና እግር እንደማንኛውም የሚሮጥ ልጅ በአቧራ የተሸፈነ ነው። ቁርጭምጭሚቷ ዙሪያ ግን አቧራ ያልደረሰበት ንጹሕ ቀለበት አለ።

«እናቴ፣ እዚህ ጋ ምንድን ነው የሚታሰረው?»

በዛወርቅ ገመዱን ከዘንቢሏ አወጣች። አላፈረችም። «እስኪ እጅዎን ያሳልፉበት ሲስተር።»

ሲስተር ህይወት አሳለፈችው። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻት፤ በሽታውን ኤዲኤችዲ እንደሚሉት፣ ሰይጣን እንዳልሆነ፣ የእናት ጥፋት እንዳልሆነ።

«ሁላችንም ጭንቅላታችን ውስጥ ፍሬን አለ» አለቻት። «አንድ ነገር ዓይናችን ሲገባ እግራችን ሳይነሳ በፊት ይይዘናል። የዮሀና ፍሬን ዘግይቶ ነው የሚይዘው። የሚይዝበት ሰዓት እግሯ መንገድ መሀል ደርሷል። ሞተሩ ግን ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ጠንካራ ነው።»

«መድኃኒት የለውም?»

«አለው። እኛ ጋ የለም። እስኪገኝ ግን የሚሠራ ነገር አለ። አንድ ነገር ብቻ ይዘዟት፤ ሁለት ከሆነ ሁለቱም ይጠፋል። አጭር ይሁን። ከመሮጧ በፊት እርስዎ ራስዎ ያስሩጧት። ስትጨርስ እዚያው ያመስግኗት፤ ማታ የሚሰጥ ምስጋና ለእሷ ያለፈ ዓመት ነው። ገመዱን ደግሞ ይተዉት።»

«ቤት እተወዋለሁ። ትምህርት ቤት እምቢ ካሉኝስ?»

ሲስተር ህይወት ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄደች። መምህር ፍቅሩ በአክብሮት ሰማትና «እርስዎ አንድ ቀን ያስተምሩልኝና እንነጋገር» አላት። የሕፃናት ጉዳይ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤትም ሄደች። ተመልሳ ለበዛወርቅ ያገኘችውን መልስ ሳትደብቅ ነገረቻት።

«‘ቁስል አለ ወይ’ አሉኝ። የለም አልኩ። ‘እብጠት? የተላጠ ነገር?’ የለም አልኩ። ‘ታዲያ ምን ብለን እንክሰሰው’ አሉኝ። እውነቴን ነው የምልዎት እናቴ፣ በአንድ ተራ ገመድ ታስራ አንዲት ጠባሳ ብትኖራት ኖሮ ያን ቀን አስቆመው ነበር። በዚህ ገመድ ግን ማንም ምንም አያይም።»

በዛወርቅ ይህን ቃል በደንብ ሰማችው። ገመዷ ጥሩ ስለሆነ ነው ልጇ የታሰረችው። ገበያው ያደነቀው፣ ጎረቤት ያደነቀው፣ እሷም ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቱን እያየች ያመሰገነችው ልስላሴ ነው የሁሉንም ዓይን የሸፈነው።

ቤት ውስጥ ግን የሲስተሯን ምክር ያዘች፤ ከዚህ በኋላ የሆነው በእውነት የሚያስደስት ነው። ረጅም ገመድ ሲገመድ አንድ ሰው ጫፉን ይዞ ወደ ኋላ መሄድ፣ ሲያልቅ መመለስ፣ እንደገና መሄድ አለበት። ሥራው ራሱ ሩጫ ነው። በዛወርቅ ጫፉን ለዮሀና ሰጠቻት። ከምሰሶው እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ ምሰሶው። እናትየው አራተኛ ክፍል ድረስ የተማረች ናትና ልጅቷ አጥሩ ላይ ስትደርስ አንድ ፊደል ትጠራላታለች፤ ዮሀና ፊደሉን እየጮኸች ትመለሳለች። ምሰሶው ጋ ስትደርስ «ጎበዝ» ትባላለች፤ እዚያው፣ ሳይቀዘቅዝ። ሀ ሄደ፣ ሁ መጣ። ቆማ አንዲት መስመር ማንበብ የማትችለው ልጅ እየሮጠች ግዕዝን ካዕብን ሣልስን ጨረሰች። መደመርም እንዲሁ ሆነ፤ በአንድ እጇ ሁለት ክር፣ በሌላው ሦስት ክር፣ ስትመለስ ስንት? ጎረቤቶች በአጥር እያዩ ይስቁ ነበር። «እናትና ልጅ አብረው አበዱ» አለች ሙሉብርሃን።

ፈተናው ሰኔ ላይ ተሰጠ። ዮሀና ዴስኩ እግር ላይ እንደታሰረች ተፈተነች። አለፈች፤ ያውም ከክፍሉ መካከለኞቹ በልጣ።

በዛወርቅ የወላጆች ስብሰባ ላይ የሄደችው ልታመሰግን ነበር። መምህር ፍቅሩ ከፊት ቆሞ የዮሀናን ውጤት ጮክ ብሎ አነበበ።

«ይህችን ልጅ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ» አለ። «ሁለት ዓመት ተቸገርን። ምን ለወጣት? መቀመጥ። ሌላ ምንም አይደለም። እናትየዋ ጨክና ተባበረችኝ፤ ልጅቷ ተቀመጠች፤ አለፈች።»

ሰው አጨበጨበ። በዛወርቅ ተነሣች። አማርኛዋ ስብሰባ ላይ ይጠፋባታል፤ ቤት የምትናገረው የከፋዎቹን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን ነው። «እየሮጠች ነው የተማረችው» አለች። ሳቅ ሆነ፤ ሊያሾፉባት ሳይሆን ቀልድ መስሏቸው ነው። መምህሩም ሳቀ። ተቀመጠች።

ደጅ ላይ ሙሉብርሃን ክንዷን ያዘቻት።

«የእኔም ቅብጥብጥ ነው፤ ታውቂዋለሽ። አንድ ሥሪልኝ።»

«አይሆንም ሙሌ። እሱ አይደለም ያሳለፋት።»

«አሃ። ያንቺ ካለፈች በኋላ የእኔ ይውደቅ?»

«እንደሱ አይደለም። ሲስተሯ...»

«ሲስተሯ ልጅ አላት? ክንዷ የተሰበረ ጊዜ ማን ነው ወጌሻው ጋ ያደረልሽ? ዝም ብለሽ ሥሪው። ካልሠራሽልኝ ከገበያ ፕላስቲክ ገዝቼ አስረዋለሁ፤ እግሩ ቢቆረጥ በአንቺ ነው።»

በዛወርቅ ሠራችለት። ከዚያ ሌላ እናት መጣች፣ ሌላም። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ አንቺ ካልሠራሽው በፕላስቲክ ነው። ስለዚህ ክረምቱን አጫጭሩን ጭረት እየነቀለች፣ በፎጣ እየለበጠች፣ ለማታውቃቸው ልጆች ቁርጭምጭሚት ስትጎነጉን ከረመች። ከበሩ ውጭ ዝናቡ ሲያባራ ዮሀና ጫፉን ይዛ ከምሰሶው እስከ አጥሩ ትሮጥላታለች። እሷ ራሷ ክረምቱን በሙሉ አልታሰረችም። መንገድ ዳር ስትደርስ ቆማ እናቷን መጥራት ለምዳለች፤ ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ።

መስከረም ላይ በዛወርቅ ልጇን አጥባ፣ አዲስ ዩኒፎርም አልብሳ ለሁለተኛ ክፍል ልታስመዘግብ ወሰደቻት። ገመዱን ሆን ብላ ቤት ትታዋለች። የዘንድሮዋ መምህርት ሜሪ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ቢታ ገነት ስታስተምር ቆይታ ገና መዛወሯ ነው። መምህር ፍቅሩ ክፍሉን ሲያስረክባት ስለ እያንዳንዱ ልጅ ነግሯታል።

«ዮሀና ወልደአማኑኤል» አለች መምህርት ሜሪ ፈገግ ብላ። «ገመዷስ?»

«ዘንድሮ አያስፈልጋትም መምህርት። አንድ ነገር ብቻ ይዘዟት፣ አጭር ይሁን፣ ከዚያ ትንሽ ያስሩጧት። ፊደሉን በሙሉ ታውቃለች። ሲስተሯም...»

«ክፍሉን አይተሽዋል?»

በዛወርቅ አየችው። ልጆቹ ከዴስክ ተርፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«ያለ እሱ እንዳልቀበላት ነው የተነገረኝ» አለች መምህርቷ። በጭካኔ አልተናገረችውም፤ እንዲያውም ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። «ዛሬ ከረሳሽው ችግር የለም። እኔ ጋ አለ።»

ቁም ሣጥኑን ከፍታ የሲባጎ ጥቅል አወጣች፤ ያ የጆንያ አፍ የሚሰፋበት ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው። ዮሀና ማንም ሳይጠራት ሄዳ የፊተኛው ዴስክ ላይ ተቀመጠችና እግሯን ወደ ጎን ዘረጋች። መምህርቷ ጎንበስ ብላ ሲባጎውን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥማ አጠበቀችውና ጫፉን ዴስኩ እግር ላይ አሰረችው።

«አየሽ፣ ገብቷታል» አለች።

በዛወርቅ ስለ ገመድ የሚታወቀውን ሁሉ የምታውቅ ሴት ናት። ሲባጎ ቀጭን ነው፤ ሸክሙን አያከፋፍልም። ሲጎተት ይጠብቃል፣ ሲጠብቅ አይላላም። ላብ አይመጥም። ዮሀና ደግሞ እግሯን ማቆም የማትችል ልጅ ናት። እስከ ምሳ ሰዓት ይቀላል፤ በማግሥቱ ይላጣል፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ሲስተር ህይወት ጽሕፈት ቤት ይዛው የምትሄድ ቁስል ይኖራል። በዚያ ቁስል የዮሀና መታሰር ይቆማል፤ ምናልባትም እሷ የጎነጎነችላቸው የሌሎቹም ልጆች። የሚጠበቅባት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝም ብሎ ቤቷ መሄድ።

በሩ ድረስ ሄደች።

«እማ» አለች ዮሀና ከኋላዋ። እግሯን ማወዛወዝ ጀምራለች። «ይሄኛው ይቆርጠኛል።»

«ትንሽ ታገሺ።»

«እሺ። ትንሽ ስንት ነው?»

በዛወርቅ ወጣች። ዳገቱን በእርምጃ ጀመረችው፤ ከግማሹ በኋላ ግን እየሮጠች ነበር። ቤት ገብታ ገመዱንና ወስፌውን ከተሰቀሉበት አውርዳ እየሮጠች ተመለሰች። ክፍሉ ውስጥ ልጆቹ ቁጥር እየቆጠሩ ነው። ዮሀናም ትቆጥራለች፤ ከሁሉም ጮክ ብላ፣ ከሁሉም ቀድማ፣ እግሯ ግን ከቁጥሩ ጋር እየተጎተተ ነው። በዛወርቅ ዴስኩ ሥር ተንበረከከች። ቆዳው ላይ ቀይ መስመር ወጥቷል፤ ገና አልተላጠም።

ወስፌውን አስገብታ የሲባጎውን ቋጠሮ ፈታች። ፎጣ የተለበጠውን ቀለበት ቁርጭምጭሚቱ ላይ አዞረችና አሰረችው፤ እንደ ልማዷ አንድ ጣቷን አስገብታ እንዳልጠበቀ አረጋገጠች። ሌላውን ጫፍ ራሷ ዴስኩ እግር ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ የልጅ እጅ በማይደርስበት ቦታ ቋጠረችው።

መምህርት ሜሪ ጎንበስ ብላ ገመዱን በመዳፏ አሳለፈችው። «እንዴት ይለሰልሳል» አለች።

በዛወርቅ ጣቷን በምራቋ አርሳ ቀዩን መስመር አሸት አሸት አደረገችው። ጠፋ። ከዚያ ተነሥታ ጠረጴዛው ጋ ሄደችና የልጇን ሙሉ ስም፣ ዕድሜዋንና ቀበሌዋን ተናገረች፤ መምህርቷም ጻፈች።